ቀይ ክዳን

ሥራ አስኪያጇ ጠረጴዛዋ ላይ በግንባሯ እንደተደፋች ነው የተገኘችው። ፊቷ አብጧል፤ አንድ እጇ በተከፈተው ቦርሳዋ ውስጥ ነው። ለውዝ ለእሷ መርዝ መሆኑን ድርጅቱ በሙሉ ያውቃል። ለክፉ ቀን ብላ የምትይዘው መርፌ ግን ቦርሳዋ ውስጥ የለም።

ቦርዱ በዚያው ቀን ከሁለት ዓመታዊ ዕቅዶች አንዱን ሊያጸድቅ ነበር። የእሷ ዕቅድ ዳውን ሲንድሮም ያለባቸው ወጣቶች የሚሠለጥኑበት ብስኩት ቤት ደመወዝ እንዲከፍላቸው ይላል። የምክትሏ ደግሞ ብስኩት ቤቱ ተዘግቶ ወጣቶቹ የቀን መዋያ ይግቡ ይላል። አሁን እሷ ሞታለች፤ የበላችውን ብስኩት የጋገረችው ደግሞ ከወጣቶቹ አንዷ፣ ሸጋ ናት። ወይ ጣጣ!

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ ውሸት አያልፋትምና። መጀመሪያ ምክትሉን አነጋገረች።

«ምን ይደረግ ኢንስፔክተር፣ አደጋ ነው» አለ ምክትሉ። «ወጥ ቤት ያሉትን የጣሳዎች ጽሑፍ አንዱ አቀያይሮታል፤ ሄደው ይዩት። ሸጋ ‹ስኳር› የሚለውን ጽሑፍ አምና የተፈጨ ለውዝ ነሰነሰችበት። ምስኪን፣ ምን ታውቃለች? ወጥ ቤት ለእነሱ አይሆንም ብዬ ነበር።»

«የብስኩቱ ሳህን ሲመጣ የት ነበሩ?»

«እዚሁ፣ ከእሷ ጋር። ስልክ ተደወለልኝና ወጣሁ።»

የድርጅቱ ሾፌር የሸጋ ታላቅ ወንድም ነው። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል።

«ሳህኑን የብስኩት ቤቱ አሠልጣኝ አዘጋጀችው፣ እኔ አደረስኩት» አለ።

«የሟችን ቦርሳስ?»

«ሁሌም የምይዘው እኔ ነኝ። እኔን እሰሩኝ ግድ የለም፣ እህቴን ግን ገዳይ አትበሏት! ዕድሜ ልኳን ማን ይቀርባታል?»

አሠልጣኟ ከለቅሶዋ ብዛት መናገር አቅቷት «ሳህኑ ላይ የደረደርኩት እኔ ነኝ» ብቻ አለች።

ሸጋ ወጥ ቤቱ ጥግ ሽርጧን ጨብጣ ቆማለች። ወንፊት ዝቅ ብላ አየቻት።

«ሸጋዬ፣ እስቲ ስኳሩን አቀብይኝ።»

ሸጋ ‹ስኳር› የሚል የተለጠፈበትን ጣሳ አልፋ ነጭ ክዳን ያለውን አነሳች።

«ይሄ እኮ ለውዝ ይላል።»

«እኔ አላነብም እትዬ። ነጭ ክዳን ስኳር ነው። ቀይ ክዳን ለውዝ ነው፤ ቀዩ ለእታለም፣ ለአለቃችን፣ ክልክል ነው። ክዳኑን ወንድሜ ቀባልኝ።» ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እኔ ነኝ አይደል የገደልኳት? ሁሉም እንደዚያ አሉ» አለች።

ወንፊት ጣሳውን ከፍታ ቀመሰች። ስኳር ነው። ቀዩንም ከፈተችው፤ ለውዝ ነው። ከዚያም የሐኪሙ ውጤት እስኪመጣ ጠብቃ ሁሉንም አዳራሽ ሰበሰበች። ማንም ማንንም ቀና ብሎ አያይም።

«ትሪው ላይ የቀረው ብስኩት ስኳር ብቻ ነው ያለበት» አለች። «ለውዝ የተገኘው ሟች በበላችበት ሳህን ላይ ብቻ ነው፤ እሱም ከላይ የተነሰነሰ። ስለዚህ ሸጋ አልተሳሳተችም። ከጋገረች በኋላ አንድ ሰው እጁን አስገብቷል። ሳህኑ አጠገብ የደረሳችሁ ሦስት ናችሁ።»

«ጽሑፉስ ተቀያይሮ የለ?» አለ ምክትሉ።

«ተቀያይሯል። ገዳዩ ነው በሸጋ ለማላከክ የቀየረው። አሠልጣኟ ብትሆን ክዳኑን ነበር የምትቀይረው፤ በክዳን ያስተማረቻት እሷ ናት። ሾፌሩም የቀባው ራሱ ነው። ሸጋ በጽሑፍ ትሳሳታለች ብሎ የሚያስብ፣ እነዚህ ልጆች ሲሠሩ አንድ ቀን እንኳ ቆሞ ያላየ ሰው ነው። እርስዎ ዕቅድ ሲጽፉላቸው ኖረዋል፤ ወጥ ቤታቸውን ግን አያውቁትም።»

«በግምት ሰው ይታሰራል እንዴ?» ምክትሉ ከመቀመጫው ዘሎ ተነሳ።

በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ የጠፋውን መርፌ ከፍ አድርጎ አሳየ። የተገኘው ከምክትሉ ካፖርት ኪስ ነው። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ!

ምክትሉ ተመልሶ ወንበሩ ላይ ወደቀ። «ድርጅቱን መሳቂያ ልታደርገው ነበር» አለ። «እነሱን ደመወዝተኛ! ማን ይሰማል?»

«እኛ ሰምተናል» አለ ሾፌሩ፤ ሊዘልበት ሲል ያዙት።

ምክትሉን ይዘውት ሲወጡ ሸጋ ወደ ወንፊት ጠጋ አለች።

«እኔ አይደለሁም?»

«አንቺ አይደለሽም፣ የኔ እናት።»

«እታለምን የሚወዷት ሰዎች ጋ ለቅሶ መቀመጥ እችላለሁ?»

ወንፊት እጇን ይዛ ወደ አሠልጣኟ ወሰደቻት። አሠልጣኟም አጠገቧ ያለውን ወንበር ሳበችላት። ሸጋ ተቀመጠች፤ ከዚያ «እታለሜን!» ብላ እሪታዋን ለቀቀችው።