ከእናቱ ቀድሞ የነቃው ቅጠል

ቀረብ ቀረብ በሉ ልጆቼ፣ ምንጣፉ ይበቃናል። እኛ ዘንድ ከዋልነት ዛፍ ሥር ማንም እንደማይተኛ ታውቃላችሁ፤ ጥላው ነፍስ ይወስዳል ይባላል። የዛፍ ተመራማሪው ሱዩንቤክ ላይኛው ደን ውስጥ ካፖርቱን ተንተርሶ ሞቶ በተገኘ ቀን፣ መንደሩ «ዛፉ ወሰደው» ብሎ ተንሾካሾከ።

መርማሪዋ አናርኩል ግን ጭንቅላቱን ስትዳስስ ስብራት አገኘች። ከሸሚዙ ኮሌታ ሥር ደግሞ ውርጭ ያጠቆራት አንዲት ለጋ የዋልነት ቅጠል ነበረች። ቀና ብላ አየች። ያረጁት ዛፎች እርቃናቸውን ቆመዋል፤ አንድ እንቡጥ እንኳ አልተከፈተም።

ሬሳውን ያገኘው የደኑ ጠባቂ ሽማግሌው ኦሮዝባይ ነው። ቅርንጫፍ ቆረጥክ ብሎ ከሟቹ ጋር በአደባባይ ተጣልቶ ስለነበር ፖሊሶቹ እጁን በካቴና አስረውታል።

«አታ፣ አባቴ፣ እርስዎ ነዎት የገደሉት?» አለችው።

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ዶሮ እንኳ ጎረቤት ነው የሚያርድልኝ!»

«ታዲያ ይህን ቅጠል ከየት አገኛለሁ?»

«በዚህ ሰሞን? ታች ሸለቆ ውረጂ። የእኛዎቹ ውርጩ ሳያልፍ ዓይናቸውን አይገልጡም።»

እሷ ግን ሸለቆ አልወረደችም። ከደኑ አጠገብ ወዳለው የማምቤታሊ ችግኝ ጣቢያ ገባች። ማምቤታሊ ችግኝ የሚያፈላው ተንዶ ሰባት ቤት ለቀበረው ተዳፋት ነው፤ ሥሮቻቸው አፈሩን እንዲይዙልን። ችግኞቹ ቅጠል አውጥተዋል፤ ጫፋቸው ጠቁሯል። መሃል ላይ አንዱ መደብ ተደፍጥጧል።

«ማምቤታሊ ባይኬ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ እነዚህ የማን ልጆች ናቸው?»

«የላይኞቹ ዛፎች ልጆች ናቸዋ እህቴ! ፍሬውን በእጄ ነው የለቀምኩት።»

በማግስቱ ቀትር ላይ ሁሉንም ተዳፋቱ ላይ ሰበሰበቻቸው። እዚያ ማንም ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ ከመሬት በታች በር ሲንኳኳ የሰሙ አሉ።

«ሬሳው በተገኘበት ቅጠል የለም፤ ስለዚህ የሞተው ሌላ ቦታ ነው» አለች። «ሟቹ ሳምንቱን ሙሉ ሸለቆ አልወረደም። እዚህ ከፍታ ላይ ደግሞ ቅጠል ያለው፣ ማምቤታሊ፣ አንተ ጋ ብቻ ነው። ከተደፈጠጠው መደብ ጠርዝ ድንጋይ ላይ ደም አግኝቻለሁ።»

«እንዴ፣ ቅጠል ቀድሞ ወጣ ተብሎ ሰው ይወነጀላል?» አለ ማምቤታሊ።

«የእኛ ዛፎች ከውርጭ ጋር ስንት ዘመን ኖረዋል፤ መቼ እንደሚነቁ በዘራቸው ተጽፏል። ሱዩንቤክ ቅርንጫፍ የቆረጠው ያንን ጽሑፍ ፍለጋ ነው። የዘረ መል ምርመራውን ውጤት ጠረጴዛው ላይ አገኘሁት፤ የአንተ ችግኞች የላይኞቹ ምልክት የላቸውም። የሸለቆ ልጆች ናቸው። ሬሳውን ከዛፍ ሥር ያስተኛውም የእኛን ፍርሃት የሚያውቅ ሰው ነው።»

ማምቤታሊ አፈሩ ላይ ተቀመጠ። «አምና ውርጩ ፍሬውን በላው። ባዶ እጄን ላሳያችሁ አፍሬ የሸለቆ ፍሬ አምጥቼ ዘራሁ። ሱዩንቤክ ‹ችግኙ ሞቶ ተራራው ሳይናድባቸው ንገራቸው› አለኝ። ገፋሁት።»

ካቴናው ከኦሮዝባይ እጅ ወጣ። በመከር ሽማግሌው የላይኞቹን ፍሬ ለቅሞ ተዳፋቱ ላይ ዘራ።

ዛሬ ሸለቆው ሲለመልም ያ ተዳፋት እርቃኑን ይቆያል። እንግዳ ሲያየው የሞተ ይመስለዋል። እናንተ ግን ልጆቼ፣ በዚያ ስታልፉ ተኝቷል በሉ፤ ሱዩንቤክንም አስታውሱልኝ።