የማን አውራ ጣት ነው?

ጌጥነሽ ልጇን አስከትላ፣ ሳትጠራ የሐኪሟን በር ገፍታ ገባች። ሦስት ወር ሙሉ ያንኑ ክኒን ሰጥተው ሲመልሷቸው ዝም ብላለች። ዛሬ ግን በቃት።

«ልጅዎ ዳገት ትወጣለች ይላል» አለች ሐኪሟ ሰብሊ፣ ካርዱን እያገላበጠች። «እግሯ አያብጥም። ጋደም ብላ ትተኛለች።»

ጌጥነሽ ልጇን አየቻት። ያምሮት ከበሩ እስከ ወንበሩ ለመድረስ ሁለቴ ቆማለች። እግሯ ከጫማው ተርፏል። ማንኩሳ ቤታቸው ግድግዳ ተደግፋ፣ ቁጭ ብላ ነው የምታነጋው።

«ማን ነው እንዲህ ያለው?»

«ራሷ ናታ። የልብ ድካም ያለበት ሁሉ በየወሩ ስለ ትንፋሹና ስለ እንቅልፉ ይጠየቃል። መድኃኒት የምንጨምረው መልሱን አይተን ነው። ይኸው፣ ቅጹ ላይ አሻራዋ።»

ጌጥነሽ ክፉ ክፉውን ማሰብ ልማዷ ነው። ዝናብ ሲዘገይ ረሃብ፣ ስልክ ሲጮህ መርዶ ይታያታል። የልጇ ሕመም ይሰረቃል ብላ ግን አስባ አታውቅም።

«ጣትሽን ነክረሻል?»

«ምን ሲደረግ!» አለች ያምሮት እያለከለከች። «አሥረኛ ክፍል ነኝ እኮ፤ ስሜን እጽፋለሁ። ደግሞስ ማን ጠየቀኝ?»

የአሻራው ቀለም የሚቀመጠው ካርድ ክፍል ነው። ጌጥነሽ ቅጹን ይዛ ካርድ አውጪዋ ሰርካለም ፊት ቆመች።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ?» ሰርካለም አውራ ጣቷን ቀለም ውስጥ ነክራ ወረቀት ላይ ደፈቀችው። «ያስተያዩት እንግዲህ፣ እትዬ! ነገ ደግሞ ላም ሰረቅሽ ይሉኛል።»

የሷ አሻራ ሙሉ ነበር። የቅጹን አሻራ ግን ነጭ መስመር ለሁለት ከፍሎታል። ሰርካለም የሌሎች ሕመምተኞችን ካርድ መጎተት ጀመረች። የቄሱም፣ የነጋዴዋም፣ የሽማግሌውም አሻራ ያው መስመር አለበት።

ጌጥነሽ ያን ጣት ታውቀዋለች። ነርሱ ጧት የያምሮትን ደም ግፊት ሲለካ አይታዋለች፤ ማጭድ የቆረጠው ጠባሳ አለበት።

ነርሱ ተስፋው ኮሪደር ላይ ስም ይጠራል።

«እጅህን አሳየኝ።»

«ተራዎን ይጠብቁ፣ እትዬ።»

«እጅህን አልኩ!»

ሰብሊ ከክፍሏ ወጣች። ተስፋው እጁን ኪሱ ከተተ። ማንም ሌላ ማስረጃ አልፈለገ።

«ሰልፉን አያዩትም?» አለ በመጨረሻ። «አንዱን በደንብ መጠየቅ ግማሽ ሰዓት ነው። ክፉ መልስ ከተጻፈ ደግሞ ግድ ሐኪም ዘንድ ይገባል። ቢጠየቁስ? ሁሉም ‹ተመስገን› ነው የሚሉት!»

«ተመስገን የምንለው ለፈጣሪ ነው፤ ለአንተ ቅጽ አይደለም! ልጄንስ ከገጠር ስለመጣች አትጽፍም አልክ?»

ተስፋው አንገቱን ደፋ።

«ና፣ ኃላፊው ዘንድ እንሂድ» አለችው ሰብሊ።

«አይሆንም!» ጌጥነሽ መንገዱን ዘጋች። «መጀመሪያ ይጠይቃት። እዚሁ፣ ሰው እየሰማ።»

ሰብሊ ያምሮትን ደግፋ አወጣቻት፤ ተስፋው አዲስ ቅጽ ያዘ።

«ጋደም ብለሽ... ትተኛለሽ?»

«አልተኛም።»

«እግርሽ ያብጣል?»

«ያብጣል።»

«እኔንም ጠይቀኝ!» አሉ አንዲት አሮጊት ከአግዳሚው ወንበር። «እኔንም!» አለ ሌላው።

ያምሮት እስክሪብቶውን ተቀበለች። በትንፋሽ መሐል እያረፈች፣ ስሟን እስከ አያቷ ጻፈች። ቀና ስትል ሰብሊ በሩን ከፍታ ትጠብቃት ነበር።