ባነሩ ላይ ያለችው ልጅ

«አየር ታግኝ! ዚፑን ክፈቺላት!» አለ የስፖርት መምህሩ፣ ውሃ ሊያመጣ ወደ ቢሮው እየሮጠ።

ሚጣ ሜዳው ላይ ተንበርክካ የጓደኛዋን የጃኬት ዚፕ ሳበች። ከቡ ከንፈሯ ነጥቶ፣ ዓይኗ ተከድኖ፣ አቧራው ላይ ተዘርራለች። እየሮጡ ሳለ ነበር እግሯ ድንገት የከዳት። ሚጣ ቲሸርቷን ገለጥ ስታደርግ እጇ ያረፈው ገላ ላይ አልነበረም። ሲነኩት የሚንኮሻኮሽ ነገር ላይ ነበር።

ላስቲክ። የምግብ ዕቃ የሚሸፈንበት ስስ ላስቲክ፣ ከጎድን አጥንቷ እስከ ዳሌዋ ድረስ ድርብርብ ሆኖ ተጠምጥሟል። ከሥሩ ላቡ መውጫ አጥቶ ተጠራቅሟል። ጠርዙ ያረፈበት ቆዳ እሳት የነካው ይመስል ቀልቶ፣ አንዳንድ ቦታ ውሃ ቋጥሯል።

ሚጣ ክው አለች። ከዚያም ለምን እንደሆነ ሳታውቀው ቲሸርቱን መልሳ አለበሰቻት።

«ምን ሆነች? ሞተች እንዴ?» አለ አንዱ የክፍላቸው ልጅ።

«ዞር በሉ! አፈናችኋት እኮ!» ብላ ጮኸችባቸው።

ከቡ ዓይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ ያየችው ሰማዩን አልነበረም፤ ጎንበስ ብላ ቲሸርቷን አየች። ቀጥሎ ሚጣን።

«አየሽ?» አለች በሹክሹክታ።

«አየሁ።»

«በእናትሽ። ለማንም እንዳትናገሪ።»

መምህሩ ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ ይዞ ደረሰ። ቁርስ በልታ እንደሆነ ሲጠይቃት ከቡ ፈገግ ለማለት እየሞከረች «ረፍዶብኝ ነው ቲቸር» አለችው። እሱም አመናት። የትምህርት ቤቱ ነርስ ዕረፍት ላይ ስለነበረች፣ ትንሽ ካረፈች በኋላ ሚጣ ቤቷ እንድታደርሳት አዘዘ።

ከመሄዳቸው በፊት የሴቶች መጸዳጃ ቤት ገብተው በሩን ከውስጥ ቆለፉት። ሚጣ ከቦርሳዋ ባወጣችው ትንሽ መቀስ ላስቲኩን ከጎን በኩል ቀስ እያለች ቀደደችው። ከቡ ግድግዳውን ተደግፋ ጥርሷን ነክሳለች። የመጨረሻው ድርብ ሲላቀቅ ለረጅም ጊዜ ይዛው የቆየችውን ትንፋሽ ለቀቀች።

ሚጣ ቀና ብላ ስታያት ያቺን የምታውቃትን ጓደኛዋን አጣቻት። የትከሻዋ አጥንት እንደዚህ የገጠጠው መቼ ነው? በየቀኑ አብረው እየዋሉ እንዴት ሳታየው ቀረች?

ከቡን «ከቡ» ያላት ሚጣ ናት። የክፍላቸው ወንዶች በሆዷ ምክንያት «ከበሮ» ይሏት ነበር። ከቡም ከሁሉም በላይ ጮክ ብላ ትስቅ ነበር፤ አንድ ጊዜ እንዲያውም ሆዷን ራሷ መታ መታ አድርጋ አስቃቸዋለች። ሚጣ ስሙን አሳጥራ ስትጠራት መርዙ የሚወጣለት መስሏት ነበር።

ክረምት ላይ ግን ከቡ «እህትሽ ጂም ውሰጂኝ» አለቻት። የሚጣ ታላቅ እህት አሰልጣኝ ናት፤ ከጎማ ቤት በላይ ያለ አንድ አዳራሽ ተከራይታ ታሠራለች። ሁለቱም አብረው ጀመሩ።

«ስሙኝ፣ ሆድ ለብቻው ተነጥሎ አይቀንስም» ብላቸው ነበር እህቷ በመጀመሪያው ቀን። «ቦርጭ ማለት ቀድሞ መጥቶ መጨረሻ ላይ የሚወጣ እንግዳ ነው። ግፉና አስወጡት ብትሉ አይሆንም። በደንብ ትበላላችሁ፤ ለስላሳና ጣፋጭ ትቀንሳላችሁ፤ ገመድ ትዘላላችሁ፤ ክብደት ታነሳላችሁ፤ ትተኛላችሁ። እናንተ ገና እያደጋችሁ ያላችሁ ልጆች ናችሁ። ተርቦ የመጣ ሰው ካየሁ በመጣበት እመልሰዋለሁ።»

ሚጣ የተባለችውን ሁሉ አደረገች። ክንዷ ጠነከረ፤ ደረጃ ስትወጣ ማለክለኳን ተወች። ሆዷ ግን ያው ሆዷ ነበር። የከቡ ደግሞ በየሳምንቱ ሲሟሟ ታያለች። ደስ ብሏት ታቅፋትና ማታ አልጋዋ ላይ ሆና ትቀናባት ነበር።

«መጀመሪያ ላይ እህትሽ ያለችውን ነበር የማደርገው» አለች ከቡ አሁን፣ የቀላውን ጎኗን በእርጥብ ሶፍት እየነካካች። «ትንሽ ቀነስኩ። ከዚያ እህትሽ ፎቶዬን ባነር ላይ አሳትማ ጂሙ በር ላይ ሰቀለችው። የበፊትና የአሁን። ሰው ሁሉ ጎሽ አለኝ። ሙድ ይይዙብኝ የነበሩት ልጆች ራሳቸው ‹አንቺ፣ እንዴት አድርገሽ ነው?› አሉኝ። ከዚያ በኋላ ቢመለስስ? ምን ብዬ ትምህርት ቤት እመጣለሁ? ላስቲክ ሆድ ያቀልጣል ሲባል ሰምቼ ጠመጠምኩት።»

«ምሳ ግን አብረን እኮ ነው የምንበላው!»

«አንቺ ትበያለሽ። እኔ ሳህኔን እያገላበጥኩ አስቅሻለሁ።»

ሚጣ ለማስታወስ ሞከረች። የከቡን ቀልዶች ሁሉ አስታወሰች። ከቡ አንድ ጉርሻ ስትውጥ ያየችበትን ቀን ግን ማስታወስ አቃታት። 

«ለሐኪም መታየት አለብሽ።»

«አታካብጂ ባክሽ! ሁለተኛ አልጠመጥመውም፣ በቃ። ማልኩልሽ።»

ቤቷ በር ድረስ ሸኘቻት። ከዚያ ወደ ራሷ ቤት አልሄደችም፤ በሩጫ ወደ ጂሙ ሄደች። እህቷ ምን ማድረግ እንዳለባቸው እንደምታውቅ እርግጠኛ ነበረች።

እህቷ ዳምቤሎቹን በጨርቅ እየወለወለች ነበር። ሚጣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ ሁሉንም ነገረቻት። መውደቋን፣ ላስቲኩን፣ የምሳውን ነገር። የእህቷ እጅ ከነጨርቁ ዳምቤሉ ላይ ቆመ።

«ለማን ነገርሽ?» አለች።

ሚጣ የሰማችውን ማመን አቃታት። ‹እንዴት ናት?› ትላለች ብላ ነበር የጠበቀችው።

«ለማንም። እቴቴ፣ ቆዳዋ እኮ ተልጧል!»

«ገባኝ፣ ገባኝ።» እህቷ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። «እኔ እንዲህ አድርጊ አላልኳትም። ሰምተሽኛል አይደል? አላልኩም። ግን ይሄ ነገር ከወጣ ማን ይሰማኛል? ልጅ አስርባ ገደለች ነው የሚሉት። ይህቺን አዳራሽ ለመክፈት ስንት በር እንዳንኳኳሁ ታውቂያለሽ። እስቲ ዛሬ እንረጋጋ። ነገ እኔው ራሴ አናግራታለሁ።»

ያን ጊዜ አንዲት እናት ሴት ልጇን በእጇ ይዛ ብቅ አለች። ልጅቷ ከሚጣ ታንሳለች፤ ሰፊ ሹራብ ለብሳ እጅጌውን ወደ ታች ትጎትታለች።

«ደህና ዋላችሁ? ውጭ ባነሩ ላይ ያለችውን ልጅ አይተን ነው» አለች እናትየዋ እየሳቀች። «ይህቺንም ልክ እንደሷ አድርጊልኝ።»

ሚጣ እህቷን አየቻት። እህቷ የያዘችውን ጨርቅ መልሳ መላልሳ አጠፈች። ልጅቷ የሚጣን ሆድ ሰረቅ አድርጋ አየችና፣ ወዲያው የራሷን በሹራቡ ሸፈነች።

«ግቡ፣ አረፍ በሉ» አለች እህቷ በመጨረሻ፣ በማይሰማ ድምፅ።

ሚጣ ደረጃውን ወርዳ ወጣች። እታች ከጎማ ቤቱ በር በላይ የተሰቀለውን ባነር ቀና ብላ አላየችውም። እግሯ በመጣችበት መንገድ ይዟት ተመለሰ።

የከቡ እናት ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ቤታቸውና ሥራ ቦታቸው አንድ ነው። የስፌት መኪናው ድምፅ ከውጭ ይሰማል። ሚጣ በሩ ጋ ስትደርስ ስልኳ ነዘረ። እህቷ ናት። «የት ነሽ? ብቻሽን እንዳትነግሪያቸው። መጣሁ» ይላል።

ልታስቆማት ነው የምትመጣው ወይስ አብራት ልትቆም? ሚጣ ደጋግማ አነበበችው፤ ከፊደሎቹ ግን መልሱ አልወጣም። ስልኩን ኪሷ ከተተችና አንኳኳች።

«ግቢ የኔ ልጅ! ክፍት ነው» አሉ የከቡ እናት፣ ሜትር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው። ቀና ብለው ሲያዩዋት ፊታቸው ፈካ። «ጓደኛሽ ራሴን አሞኛል ብላ ጋደም ብላለች። ነይ እስቲ ይህን እዪ። የባለፈው ወር ቀሚሷ ነው፤ ዛሬም ከጎን ላጠብላት ነው። ሰው እንዲህ ይቀጥናል? አሁንማ ሞዴል ሆናልኛለች!»

ከወዲያኛው ክፍል መጋረጃ ጀርባ ከቡ አንገቷን ብቅ አደረገች። ሚጣን ስታይ ደነገጠች። ጭንቅላቷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች፣ በልመና፤ ቀጥሎ በቁጣ። ‹ከነገርሽ በቃ፣ ጓደኛዬ አይደለሽም› እንደምትል ሚጣ ያለ ድምፅ ሰማቻት።

 ከከቡ ጋር ያልተካፈለችው ምስጢር የላትም፤ ከነገ ጀምሮ ምሳ ብቻዋን ልትበላ ትችላለች። ወደ ውስጥ ገብታ ከልብስ ስፌት መኪናው አጠገብ ያለውን ዝቅተኛ በርጩማ ሳበችና ተቀመጠች።

«እትዬ፣» አለች፣ «መኪናውን ትንሽ ያቁሙትና አንድ ነገር ልንገርዎት።»