ነጥብ የሌላቸው መስመሮች

የጋዜጣ አራሚው ኸይረዲን ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ራጉኤል አጠገብ በተከራያት ክፍል፣ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ እንደደፋ ሞቶ ተገኘ። ከፊቱ ለእርማት የታተመው የነገው ጋዜጣ ፕሩፍና ዋናው ጽሑፍ ጎን ለጎን ተዘርግተዋል። ጎረቤቱ ፈሪዳ ያመጣችለት ሻይ ውስጥ መርዝ ተገኘ። ሃያ ዓመት የሰው ስሕተት ሲለቅም የኖረ ሰው ነው፤ በሩን የሚያንኳኳ ግን ከፈሪዳ በቀር አልነበረውም። ቀበሌው ታዲያ ማንን ያዘ? ያቺኑ ፈሪዳን። እንግዲህ ደግ መሆን እንዲህ ነው!

ሲመሽ ወደ ከፍተኛው እስር ቤት ልትወሰድ ነው። በዚያ በደርግ ዘመን እዚያ የገባ መቼ እንደሚወጣ አይጠየቅም። ለመርማሪው ለመቶ አለቃ ፋንታዬ የቀረው ጊዜ ሦስት ሰዓት ብቻ ነበር።

«ሻዩን ስታደርሺ ምን ይሠራ ነበር?» ሲል ፈሪዳን ጠየቃት።

«ያው ወረቀታቸውን። አንዱን ያያሉ፣ ሌላውን ያያሉ፣ በእርሳስ ነጥብ ያደርጋሉ።»

«ነጥቡ ለምንድን ነው?»

«ዓይኔ መስመር እንዳይዘል ነው ይላሉ። ድሮ ጓደኛቸው ጮክ ብሎ ሲያነብላቸው እሳቸው ይከተሉ ነበር። እሱ ከሞተ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው።»

የቢሮ ባልደረባው ሙሉብርሃን ፈጠን ብሎ መለሰ። «ፕሩፉን ጠዋት በር ላይ ሰጥቼው ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።»

አከራዩ ባህረዲን መርካቶ፣ ምን አለሽ ተራ ምድጃ ሲቀጠቅጥ ውሎ መምጣቱ ነው። «ጋሼ፣ አማርኛ ያነባሉ?» ሲባል ግራ ገባው።

«ቁርአን ቀርቻለሁ። የአማርኛውን ልጆቼ ይወቁት።»

ፋንታዬ ሦስቱንም የኸይረዲን ክፍል ውስጥ ሰብስቦ ፕሩፉን አነሳ።

«እስከ እኩሌታው በየመስመሩ ነጥብ አለ። ከዚያ ወዲያ አንድም የለም። እርማቱ ግን እስከ መጨረሻው ደርሷል፤ የተዘለለ አንቀጽ ሳይቀር ከዋናው ጽሑፍ ቃል በቃል ገብቷል። ነጥቡን ለምን ተወው?»

ፕሩፉን ወደ ሦስቱ አዞረው።

«የሚያነብለት ሰው መጣለታ! ያውም ከሻዩ በኋላ። ጋሼ ባህረዲን አማርኛ አያነቡም። አንቺስ ፈሪዳ?»

አንገቷን ደፋች። «መሠረተ ትምህርት ገና ፊደል ላይ ነኝ።»

«ኸይረዲን ደግሞ ሥራውን ለማያውቅ ሰው አያስነካም። ጓድ ሙሉብርሃን፣ ቢሮህ ደውዬ ነበር። ያለፈው ሳምንት ጋዜጣ ከሊቀ መንበሩ ንግግር አንድ አንቀጽ ጥሎ ወጥቷል። ሳታነብ የፈረምከው አንተ ነህ፤ ኸይረዲንም ነገ ኮሚቴው ፊት ይህንኑ ሊናገር ነበር።»

ሙሉብርሃን አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«ላነብልህ መጣሁ ስለው ደስታውን ብታይ» አለ በመጨረሻ። «‹ዛሬስ ሰው አገኘሁ› አለኝ። እስክንጨርስ ታገስኩት። መርዙን ሻዩ ውስጥ የጨመርኩት ከዚያ ነው።»

ይዘውት ሲወጡ ፈሪዳ እዚያው ቆማ ቀረች።

«በቃ፣ ነፃ ነሽ። ቤትሽ ግቢ» አላት ፋንታዬ።

«አለማንበቤ አተረፈኝ አይደል?» አለች ወረቀቱን እያየች። «ባነብ ኖሮ ግን እኔው አነብላቸው ነበር፤ ያንን ሰውዬ አያስገቡትም ነበር።»