የራስ ቅሉን የሸፈንኩበት ሰማያዊ ቀለም

ይህ በእውነት የሆነ ነገር ነው። ጂኒ የለበትም፣ ሰይጣን የለበትም... የቢሮ ኃላፊ ነው ያለበት።

ሰዓቱም ሌሊት አልነበረም። መጋቢት 1988 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ አሶሳ ዳር ያለች ኩሬ አጠገብ።

ነገሩ የጀመረው ግን ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ነው። ክልሉ ገና አዲስ ነበር፤ ማኅተሙ ከወንበሩ ቀድሞ ደርሷል። እኔ ታፔላ ጸሐፊ ነኝ። በየበሩ ላይ "ቢሮ" እያልኩ ስጽፍ እውላለሁ፤ ውስጡ ግን ከፍየል በቀር የሚሠራ የለም።

ለአንዱ ቢሮ፣ ስሙን አልጠራም፣ የድሮ የሰፈራ ጣቢያ መጋዘን ተሰጠው። ውስጡ የተባይ መድኃኒት በርሜሎች ተደርድረዋል። በያንዳንዱ ላይ የሰው ራስ ቅልና ሁለት አጥንት ተስሏል።

ኃላፊው አቶ ይገረም ይባላል። በዚያ ሙቀት ከነክራቫቱ የሚውል፣ አዲሱ ወንበሩ ላይ ከነላስቲኩ የሚቀመጥ ሰው ነው።

"ይኼ ሥዕል ምንድነው?"

"መርዝ ነው ማለት ነው፣ ጌታዬ።"

"እንግዶች ሊመጡ ነው! አዲስ ክልል በራስ ቅል ይቀበላቸው? አጥፋው!"

"ውስጡስ?"

"ውስጡን ማን ያየዋል?"

አጠፋሁት። በሰማያዊ ቀለም፣ ያውም ቆንጆ አድርጌ። መድኃኒቱ ኩሬው ውስጥ ተደፋ። በርሜሎቹ ተቆርጠው አበባ ተተከለባቸው።

እንግዶቹ አልመጡም።

በዓመቱ ሚስቴ ቃናኒ ሴት ልጅ ወለደች። ኡርጂ አልናት። ለምታጠባ ሴት የአምባዛ ዓሣ ስብ ጥሩ ነው ሲሉኝ ከኩሬው እያወጣሁ እወስድላት ጀመር። መድኃኒቱ የተደፋበት ኩሬ መሆኑን እያወቅሁ አንድም ቀን ራሴን አልጠየቅኩም። ኃላፊውን እየናቅሁ ከሱ አልተሻልኩም።

ዓሦቹ አይታገሉም ነበር...

አንድ ቦታ ላይ ክብ ይዞራሉ። በእጄ አነሣቸዋለሁ።

"ሰነፍ ዓሣ ነው" ብዬ ሳቅሁ።

ያን ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ሦስት አምባዛ በቅርጫት ይዤ ስመለስ ሣሩ ውስጥ አንዲት ዓሣ የምትበላ ወፍ አየሁ። እንቁላሏ ላይ ተቀምጣለች።

ቀረብኳት። አልበረረችም።

ትንቀጠቀጣለች...

እንደ ምንም ብላ ስትነሣ እንቁላሉ ከሆዷ ላባ ጋር ተጣብቆ ተነሣ። ቅርፊት የለውም። እንደ እርጥብ ወረቀት ተሸብሽቧል። አስኳሉ በእግሮቿ መሐል ቀስ ብሎ ወረደ።

እሷም ተመልሳ ተቀመጠችበት።

"አትንካው!"

ዞርኩ። ጁምዓ ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ የወባ መድኃኒት ሲረጭ የኖረ የበርታ ብሔረሰብ ሽማግሌ፤ አማርኛ አፉን አልፈታበትም።

"ምን ሆና ነው?" አልኩት።

"አንተ ውሃ አይቶ 'ጠርቷል' ይላል። ውሃ ይሄዳል። ይሄ መድኃኒት አይሄድም፣ ወላሂ! ስብ ውስጥ ይቀመጣል። ትንሽ ዓሣ ትንሽ ይዟል። አምባዛ ትንሹን ሁሉ በልቷል። ወፍ ደግሞ አምባዛ በልቷል። ሁሉ እሱ ጋ ተሰበሰበ።"

"ከወፏ ቀጥሎስ?"

ቅርጫቴን አየ... ከዚያ እኔን አየኝ።

በሹክሹክታ፦ "ሚስትህ... ታጠባለች?"

ቅርጫቱን ጥዬ ወደ ቢሮው ሮጥኩ። ማን ምን እንደሚያደርግልኝ እንጃ። አቶ ይገረም ሲሰማኝ ቆየና ብዕሩን አስቀመጠ።

"ወፍ እንቁላሏን ሰበረች ብለህ ነው ያን ሁሉ የሮጥከው?"

"ልጄን ነው የምለው! አምባዛውን እናቷ ስትበላ ነው የከረመችው!"

"ስማ፣ ይኼ የሰው ቢሮ ነው። የወፍ ቢሮ ሲቋቋም ታፔላውን አንተው ትጽፋለህ።"

በገዛ ቀልዱ ሳቀ። ላስቲኩ ከሥሩ ተንጫጫ። እዚህ ሰውዬ ውስጥ መርዙ እንኳ የሚቀመጥበት ነገር የሚያገኝ አይመስለኝም።

ቤት ስደርስ ቃናኒ እያጠባች ነበር።

"ዓሣውስ?"

"ከእንግዲህ ዓሣ የለም። ማጥባትም አቁሚ።"

"እና ምን ልስጣት? ቀለም?"

"ቃናኒ... መርዝ አለበት።"

"የምን መርዝ ነው? የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ በወባ ሲነድ የኔን ልጅ ትንኝ እንኳ ነክታት ታውቃለች?"

እውነቷን ነው። የልጅቱ ገላ ላይ አንድም የትንኝ ንክሻ የለም... ከተወለደች ጀምሮ።

በማግስቱ ሲነጋ ከመኝታዋ አነሣኋት።

ነጩ አንሶላ ላይ ጥቁር ክብ አለ።

ጎንበስ ብዬ አየሁት...

ትንኞች ናቸው። የሞቱ። ጭንቅላቷ ያረፈበትን ቦታ ዙሪያውን ከበውታል። መስመሩ የተጻፈ ይመስል አንድም ቦታ አልተቋረጠም።

ቃናኒ ከኋላዬ እጇን ዘረጋች።

"ስጠኝ፣ ርቧታል።"

አልሰጠኋትም።

"ስጠኝ እንጂ! ምን ሆነሃል?"

ኡርጂ በክንዴ ላይ ዓይኗን ገለጠች። አላለቀሰችም። ግድግዳውን አየችና አፏን ከፍታ አዛጋች።

ከግድግዳው ላይ አንዲት ትንኝ ወደቀች።

ከዚያ ሌላ...

ከዚያ ግድግዳውን ያለበሱት ሁሉ ባንድ ጊዜ።