ወፍራሙ ዘይት

ቀጀላ ጎህ ሲቀድ ከዳሪሙ ሊነሳ አስቦ ነበር፤ ግን ዘይት አልነበረውም። ትናንት ከመቱ ሲመጣ ሞተር ብስክሌቱ ጭቃ ላይ ተንሸራታ ጣለችውና ከኋላ ያሰረው የዘይት ጠርሙስ ድንጋይ ላይ አርፎ ብትንትኑ ወጣ። ይህች ሞተር ደግሞ ቤንዚን ብቻውን አትጠጣም። ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ተበጥብጦ ካልተሰጣት ሆዷ ይቃጠላል። የሸጠለት የጎሬው ግሪክ ነጋዴ ይህን አጥብቆ ነግሮታል፤ የዘይቱን ዓይነት ግን አልነገረውም። ቀጀላም ሞተሯን እያስጮኸ በገበያ መሃል ማለፉን እንጂ እንዲህ ያለውን ነገር መጠየቅ አይወድም ነበር።

በዚህ ቀን መቸኮሉ አይፈረድበትም። በማግስቱ ጠዋት መቱ ፍርድ ቤት የመጨረሻ ቀጠሮው ነው። አባቱ የተቀበሩበትን የቡና ጫካ አራርሳ የተባለ ባለጸጋ «የኔ ነው» ብሎ ከሶታል። ዳኛውም «ድንበሩ ሲተከል በዓይኑ ያየ ሰው አምጣ፤ ካላመጣህ እፈርዳለሁ» ብለውታል። ካዩት ሰዎች በሕይወት የቀሩት ኦቦ ነመራ ብቻ ናቸው። ሽማግሌው ጥርሳቸው አልቋል፣ ጉልበታቸውም ከድቷቸዋል። ጣሊያን ሳይገባ የተተከሉትን የድንበር ዛፎች ግን ከምንጩ ጀምረው አንድ በአንድ ይቆጥራሉ። ቀጀላ የመጣው እሳቸውን በሞተሯ ጭኖ መቱ ሊያደርስ ነው።

ዝናቡ እየወረደ የታጁዲንን ሱቅ አንኳኳ።

«ታጁዲን! የሞተር ዘይት አለህ?»

«የሞተር? እንዴታ! ከኔ በቀር ማን አለውና!»

ባለሱቁ ከጓዳ ሁለት ዕቃ ይዞ ወጣ። አንደኛው የጭነት መኪና ሾፌር ጥሎት የሄደ ዝገት የበላው ጣሳ ነው፤ ውስጡ ቀጭን፣ ቢጫ ዘይት አለ። ሁለተኛው ከበርሜል የተቀዳ፣ ጠቆር ያለ፣ ሲያዘነብሉት ለመውረድ የሚለግም ዘይት ነው።

«ቀጭኑ የመኪና ነው» አለ ታጁዲን። «ይሄኛው የሞተር። ሞተሩ ከዚህ ሌላ ቀምሶ አያውቅም። ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ይውላል፣ አንድ ቀን እንኳ አስሎት አያውቅም፣ ወላሂ!»

ቀጀላ ጣቱን ነክሮ አሸት አሸት አደረገ። እሱ ባደገበት አገር ወፍራም ነገር ሁሉ መልካም ነው፤ ማሩም፣ እርጎውም፣ ጠላውም። የቀጠነ ነገር ውሃ የገባበት ነው።

«ሁለት ሰው ነን፣ ዳገትም አለብን። ወፍራሙን ስጠኝ» አለ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ከሁለት አንዳቸው «የትኛው ሞተር?» ብለው ቢጠይቁ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር። ግን ማንም አልጠየቀም። ቀጀላ ዘይቱን የቤንዚኑ ጋን ውስጥ ጨመረ፣ ሞተሯን ወዘወዛት፣ ሽማግሌውን ከኋላው አስቀምጦ በጋቢ ከወገቡ ጋር አሰራቸውና ተፈተለከ። ከሱቁ ማዶ ዶሪ የሚባለው የአራርሳ ሰው ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በቅሎ ሲጭን አየ፤ ሳቀበትም። በቅሎ ሞተር ላይ ልትደርስ!

መንገዱ ከዳሪሙ እንደወጣ ጫካው ዋጠው። ዝናቡ ከቅጠል ወደ ቅጠል እየተንጠባጠበ አንገታቸው ውስጥ ይገባል። ቀጀላ በሁለት እግሩ ጭቃውን እየቀዘፈ ሞተሯን ዳገቱ ላይ አወጣት። ከዚያ ጭስ መጣ። መጀመሪያ ነጭ ነበር፣ ቆይቶ ጠቆረ፤ ጉሬዛዎቹ እንኳ ከዛፉ ጫፍ እየጮሁ ሸሹ። ሞተሯ አንዴ አስነጠሰች፣ ሁለቴ ተንተባተበች፣ ቆመች።

ቀጀላ እሳት የምትጭርላትን ካንዴላ ፈታ። በጥቁር ቅባት ተለውሳለች። በሸሚዙ ጠርጎ መለሳት፤ ተነሳች፣ ጥቂት ሄዳ ቆመች። ደግሞ ፈታ፣ ጠረገ፣ መለሰ። ጣቶቹ በብርዱ ደንዝዘው ብሎኑ እያመለጣቸው፣ ፈጣሪንም ሞተሯንም መማጸን ጀመረ። በመጨረሻ የጋኑን ክዳን ከፍቶ በእንጨት ሲለካ ቤንዚኑ ከላይ ጠርቶ፣ ዘይቱ ከታች እንደ አተላ ዘቅጦ አገኘው። አልተዋሃዱም።

ኦቦ ነመራ እንጨቱን ተቀብለው አሸተቱ።

«ይሄ የሞተር ቤት ሽታ ነው» አሉ።

«የምን ሞተር ቤት?»

«የእህሉ ነዋ! ሚስቴ በቆሎ አስፈጭታ ስትመጣ ነጠላዋ እንዲህ ይሸታል። በኛ አገር ሞተር ሌላ የታለ?»

ቀጀላ ሳቅ ጀምሮ መጨረስ አቃተው። ለታጁዲን ሞተር ማለት ወፍጮው ነው! ሰውዬው አልዋሸም፤ በልቡም ክፋት አልነበረውም። ልክ የሆነው ዘይት ያው «የመኪና ነው» የተባለው ቀጭኑ ነበር፤ በእጁ ገፍቶ ትቶት መጣ።

«እንመለስ?» አሉ ሽማግሌው።

«ከተመለስን ቀጠሮው ያልፋል፣ ኦቦ ነመራ።»

ስለዚህ ከድጡ ወደ ማጡ ገባ። የዘቀጠውን ዘይት ከጋኑ ሥር አፍስሶ ጣለውና በጠራው ቤንዚን ብቻ ሞተሯን አስነሳ። ወዲያው ጭሱ ጠፋ። ሞተሯ እንደዚያን ቀን ፈጥናም ድምጿ አምሮም አታውቅም፤ ዳገቱን ጨርሳ ቁልቁለቱን ተያያዘችው። ቀጀላ መሞቷ መሆኑን ያውቃል፣ ገባ የሚባለውን ወንዝ እስኪሻገር ብቻ እንድትቆይለት እየለመናት ነበር። የወንዙ ድምፅ ሲሰማ በውስጧ አንድ ነገር ጮኸ፣ ፒስተኗ ግሎ ተጣበቀ፣ የኋላው ጎማ ደርቆ ቀረ። ሁለቱም ተወርውረው ጉድባ ውስጥ ወደቁ።

ገና ሳይነሱ ቁጥቋጦው ተሰነጠቀ። የውድቀቱ ድምፅ አንድ አውራ ጎሽ ከተኛበት አስነስቷል። ጭቃ የተለቀለቀ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ በአፍንጫው አየሩን ማገ። ቀጀላ ሊሮጥ ይችል ነበር፤ ሽማግሌው ግን አይችሉም።

«አትንቀሳቀስ!» አሉት በሹክሹክታ። «ጎሽ የሚሮጥ ይወዳል።»

ጉድባው ውስጥ እስከ ጉልበት የሚደርስ የዝናብ ውሃ አለ። እዚያው ተጋደሙ፣ አፍንጫቸውን ብቻ አወጡ። ጎሹ ግሎ የሚንጫጫውን ብረት አይቶ ተንደረደረና ሞተሯን በቀንዱ አንስቶ ፈጠፈጣት። ደግሞ ረገጣት። ደግሞ ተመለሰባት። ቀጀላ ዓመታት የለፋባትን ሞተር ጎሽ ሲረግጥለት ጥርሱን ነክሶ አየ። አውሬው ንዴቱ እስኪበርድለትና ወደ ጫካው እስኪመለስ ድረስ በዚያ በረዶ ውሃ ውስጥ ብዙ ቆዩ። ሲወጡ የኦቦ ነመራ ከንፈር አመድ መስሏል፤ መንጋጋቸው ይንቀጠቀጣል።

ቀጀላ በጀርባው አዘላቸው። ሽማግሌው ቀላል ነበሩ፣ ቅለታቸውም አስፈራው። ገባ ዳር ሲደርሱ ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ነው፤ ወንዙ ግን ሞልቶ ያገሳል። የግንድ ድልድዩን ወስዶታል። ቀይ ውሃ ዛፍ ከነሥሩ እያንከባለለ ያልፋል። ቀጀላ ተንበርክኮ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ተስፋ መቁረጥ እንዲህ ዓይነት ድካም መሆኑን አያውቅም ነበር፤ ማልቀስ እንኳ ጉልበት ይጠይቃል።

ከኋላው የበቅሎ ኮቴ ሰማ። ዶሪና ሁለቱ ሰዎች ነበሩ።

«የተረገጠች ሞተር አየሁ» አለ ዶሪ። ድምፁ ውስጥ የተዘጋጀ ፌዝ ነበረበት፤ ሽማግሌውን ሲያይ ግን ዋጠው። «ታመዋል?»

«አሻግረን፣ ዶሪ። ገመድም በቅሎም አለህ። መቱ ካልደረሱ ይሞታሉ።»

ዶሪ መሬት መሬት አየ። «ጌታዬ አራርሳ ምስክሩን አስቀር ብሎ ላከኝ እንጂ እኔ ነፍሰ ገዳይ አይደለሁም። ግን ምስክር አሻግሬበት ተመልሼ ምን እበላለሁ? ማልልኝና አሻግርሃለሁ።»

«ምን ብዬ?»

«ኦቦ ነመራን ለምስክርነት ላልጠራ፣ ብጠራ የአባቴ አጥንት ይውጋኝ በል።»

በዚያ አገር ሰው በእንጀራው ሊዋሽ ይችላል፤ በአባቱ አጥንት ምሎ ያፈረሰ ግን ቤቱ እሳት አይነድበትም፣ ልጁን የሚያገባለት የለም። ዶሪ ይህን ያውቃል። የቀጀላ አባት አጥንት ያለው ደግሞ በዚያው ጫካ ውስጥ ነው። በአጥንቱ ምሎ አጥንቱ ያረፈበትን መሬት እንዲሰጥ ነው የተጠየቀው።

ኦቦ ነመራ ጭንቅላታቸውን ቀና አደረጉ።

«አትማል፣ ኢልመ ኮ! ልጄ፣ ይህን ወንዝ አውቀዋለሁ። ዝናቡ ካባራ ይጎድላል። እስኪጎድል እችላለሁ።»

«እየተንቀጠቀጡ አይችሉም፣ ኦቦ ነመራ።»

«መንቀጥቀጡ ተወኝ እኮ!»

ቀጀላን ያስደነገጠው ይኸው ነበር። መንቀጥቀጡ መተዉ፤ ሰውነት ለብርድ እጁን ሲሰጥ ነው የሚተወው። እጃቸውን ያዘ፤ ድንጋይ ነው። ሰማዩን አየ፤ ዝናቡ ይቁም አይቁም የሚነግረው ነገር አልነበረም። እስኪጎድል ቢጠብቅ መሬቱንም ሽማግሌውንም ሊያተርፍ፣ ወይም ሁለቱንም ሊያጣ ይችላል። በሕይወቱ ሁሉ ወፍራሙን፣ ትልቁን፣ ፈጣኑን ሲመርጥ የኖረ ሰው በዚያች ሰዓት ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሹን፣ የሽማግሌውን ትንፋሽ መረጠ። አፉን ከፈተ፣ ማለ። ሲጨርስ ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር፤ በጉንጫቸው የወረደው ዝናብ ይሁን እንባ አልታወቀም።

የዶሪ በቅሎ መልካም ዋናተኛ ነበረች። ሽማግሌውን በኮርቻው ላይ ጠፍረው፣ ገመዱን ከዛፍ ጋር አስረው፣ ቀጀላ እርካቡን ጨብጦ ገባ። ውሃው እግሩን ከመሬት ነጠቀው። አንድ ግንድ ትከሻውን መትቶ አለፈ፤ ሁለት ጊዜ ጠለቀ፣ እርካቡን ግን አልለቀቀም። በቅሎዋ ማዶው ላይ ጭቃውን ቧጥጣ ስትወጣ እሱ በሆዱ ተጎትቶ ወጣ።

በዚያችው በቅሎ ሌሊቱን ሲጓዙ አድረው መቱ ሲገቡ ሊነጋ ነበር። የክሊኒኩ ድሬሰር ሽማግሌውን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ መርፌ ወጋቸው፤ «ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ እንጃ!» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ቀጀላ ልብሱ ሳይደርቅ ወደ ፍርድ ቤት ሮጠ። ዳኛው ጭቃ የለበሰውን ሰው ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«ምስክርህን አመጣህ?»

የአራርሳ ዓይን ፊቱ ላይ ነው። ምስክሩ ከዚያች አዳራሽ የድንጋይ ውርወራ ርቀት ላይ ተኝተዋል።

«ምስክር የለኝም፣ ጌታዬ» አለ ቀጀላ።

የፍርዱን ቃል በወጉ አልሰማውም። ወደ ክሊኒኩ ሲመለስ ኦቦ ነመራ ነቅተው፣ ከዳሪሙ ቡና ጭና የመጣች ሀጀራ የምትባል ነጋዴ ሴት አጠገባቸው ቆማ እህህ እያለች ታዝንላቸው ነበር።

«ወንዙን እንዴት ተሻገርሽ?» አላት ቀጀላ።

«የትኛውን፣ ገባን? በሌሊት ደርሼ ጎድሎ አገኘሁት እኮ። በእግሬ ነው የተሻገርኩት፣ ቀሚሴም አልራሰ።»

ሴትዮዋ ምን እንደተናገረች አላወቀችም። ሰላም ብላ ወጣች። ቀጀላ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለና አፉን በእጁ አፍኖ አለቀሰ። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ይቅር እንዳላሉት ገብቶታል፤ ይቅርታም አልጠየቀም።

«ተፈረደ?» አሉ በመጨረሻ።

«ተፈረደ።»

«በዚያ ጫካ ውስጥ ያለውን ሁሉ በልቤ ይዤ ይህን ያህል ዘመን የኖርኩት ለዛሬ ጠዋት ነበር» አሉ። «አሁን ማን ይሰማኛል?»

ከዚያ ኦቦ ነመራ ቀስ ብለው ዞሩ፣ በክርናቸው ተደግፈው ቀና አሉ፣ ዳኛ ፊት እንደቆመ ሰው ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«ጠጋ በል» አሉት። «ከምንጩ ይጀምራል። የመጀመሪያዋን ዛፍ አባትህ ነው የተከላት፣ እኔ አፈሩን አቀበልኩት…»

ቀጀላ ጠጋ ብሎ እስከ መጨረሻው አዳመጣቸው።