ሁለቱም ሸክላ ላይ የሚያስለው ሰው

ሰውዬው እንደገና አሳለ። ራዳር ማዳመጫውን ከጆሮዋ አውርዳ የሚሽከረከረውን የሙዚቃ ሸክላ አፍጥጣ አየችው። መጀመሪያ ሸክላውን ሳትቀይር ያንኑ ደግማ ያስቀመጠች መሰላት፤ ቁርስ ሳትበላ ስለወጣች ራሷን ጠረጠረች። ጎንበስ ብላ መሃሉ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ስታይ ግን ቀይ ነው። የቅድሙ ሰማያዊ ነበር። የኦርኬስትራው ስም ሌላ፣ የመሪው ስም ሌላ፣ የተቀረጸበት ከተማም ሌላ። ሳሉ ግን ያው ሳል ነው።

መርፌውን ወደ ኋላ መለሰችው። ክላርኔቱ ብቻውን የሚጫወትበት ቦታ ደረሰ። ሊጨርስ ሲል ተጫዋቹ ትንፋሽ አጠረውና የመጨረሻዋን ድምፅ ቆረጥ አደረጋት፤ ከዚያ ከአዳራሹ አንድ ሰው አፍኖ አሳለ፤ ወዲያው አንድ ወንበር ሲጥ አለ። ሰማያዊውን መልሳ አስቀመጠች። ትንፋሹ፣ ሳሉ፣ ወንበሩ። አንድ ጉንፋናም ሰው በሁለት ከተማ እየዞረ፣ ያውም እዚያችው ቦታ ላይ እየጠበቀ ሊያስል አይችልም።

የትምህርት ቤቱን የሙዚቃ ክበብ የሚመሩት ተማሪው ሁሉ «ጋሼ» የሚላቸው ሽማግሌ መምህር ናቸው። በክበቡ አንድ ልማድ አለ። ጋሼ የአንድ ሲምፎኒ ሁለት ሦስት ቅጂ ያመጣሉ፤ ሽፋኖቹ ከእጅ እጅ ይዞራሉ፤ ከዚያ ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥና የትኛው አጨዋወት ምን እንደሚመስል በአንድ ቃል ይናገራል። ራዳር ክበቡን የተቀላቀለች ቀን የተሰሙት እነዚህ ሁለቱ ነበሩ። የሰማያዊው ሽፋን በረዶ የለበሰ ሕንፃ ነው፤ የቀዩ ፀሐይ የምትጠልቅበት ሐይቅ። «ሁለተኛው ይሞቃል» አለች። ጋሼ ፊታቸው በራ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ «ጆሮዬ» እያሉ ይጠሯታል። ራዳር የሚለውን ስም ያወጡላት ደግሞ በዚህ የቀኑ የክፍሏ ልጆች ናቸው።

አልዋሸችም ነበር። በእውነት ሞቋት ነበር። አሁን የሚያሳፍራት ይኸው ነው።

ለነገሩ ማፈሩ ቀላል ነው። ርዕሰ መምህሩ የክበቡን ክፍል ለተሰባበሩ ወንበሮች ማከማቻ ከፈለጉት ቆይተዋል። ቅዳሜ ወላጆችና አንድ የታወቀ የኦርኬስትራ መሪ በተገኙበት ጋሼ ንግግር ያደርጋሉ፤ እንግዳው ካመሰገነ ክበቡ ይተርፋል። ንግግሩ የሚደመደመው በነዚህ ሁለት ሸክላዎች ነው። ራዳርም ማዳመጫ አድርጋ የተቀመጠችው ከሸክላዎቹ የሚሰማውን ቦታ መርጣ እንድታዘጋጅ ታዝዛ ነው።

ደግሞ ለምን እነዚህ እንደተመረጡ የማያውቅ የለም። ሰማያዊውን የሚወዱት ጋሼ፣ ቀዩን የሚወዱት ባለፈው ክረምት የሞቱት፣ ተማሪው «እትዬ» የሚላቸው ሚስታቸው ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን ተከራክረውበታል። ሚስታቸው «ያንተው ብርዱ አጥንት ይሰብራል» ሲሉ፣ ጋሼ «ያንቺው ማር በዝቶበታል» ይሉ ነበር። ጋሼ ይህን ሲያወሩ ይስቃሉ፤ ሳቁ ሳያልቅ መነጽራቸውን ያወልቃሉ።

ራዳር ነገሩን የነገረችው ለጓደኛዋ ለቀለሜ ብቻ ነው። ቀለሜ ያላነበበው ነገር ያሳክከዋል፤ ስልኩን ሲጎረጉር ቆየና አገኘው። አንዳንድ አሳታሚዎች አንዱን ቅጂ የሌላ ኦርኬስትራ ስም እየለጠፉ ሁለቴ ይሸጡ ነበር አሉ። ከዚያ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

«ዝም በይ በቃ» አላት። «ይሞቃል ያልሽው አንቺ ነሽ። ግቢው ሁሉ ነው ሙድ የሚይዝብሽ።»

«እንግዳው ቢሰማውስ? ሰውዬው እኮ ጆሮው ላይ ጥጥ አልጠቀጠቀም።»

«ላይሰማውም ይችላል። አንቺ ራስሽ ዓመት ሙሉ አልሰማሽም።»

እናቷ «እውነቱን ተናግሮ የመሸበት ማደር» ትላለች። የሚመሽበት ተናጋሪው ብቻ ቢሆን ኖሮ ራዳር ወዲያው ትናገር ነበር። ጋሼ ላይ ግን ቀድሞውኑ መሽቷል። ሰው ሁሉ ፊት ቢዋረዱስ? ደግሞስ ማንም ሳያውቅ ቢያልፍ፣ የሚስታቸውን ክርክር ቀምታ ምን ልታተርፍ ነው? ሁለቱን ሐሳብ ስታገላብጥ ሰነበተች፤ አንዱም አልቀለላትም።

ዓርብ ከትምህርት በኋላ ሸክላዎቹን ይዛ ቤታቸው ሄደች። ጋሼ የነገውን ሸሚዝ ራሳቸው እየተኮሱ ነበር። አንገትጌውን በመተኮሻው ጫፍ እያሳደዱ «ይሄን ሥራ እሷ ነበረች የምታውቅበት» አሉና እንድትቀመጥ ነገሯት። ራዳር አልተቀመጠችም። አንድ ነገር ላሰማዎት፣ ግን ዓይንዎን ይጨፍኑ፣ ሽፋኑንም አላሳይዎትም አለቻቸው። ሽማግሌው ሳቅ ብለው መተኮሻውን ነቀሉና ጨፈኑ።

በማጫወቻቸው ላይ አንዱን አጫወተች። ክላርኔቱ ትንፋሽ አጠረው፤ ሰውዬው አሳለ። ሌላውን ቀየረች። ሰውዬው አሳለ።

ጋሼ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ፈገግ አሉ። «እኔና እሷ ይቺን ሳል እናውቃታለን። በሁለቱም አዳራሽ ጉንፋን የያዘው ሰው አለ እያልን እንስቅ ነበር።»

«ወንበሩንም ይስሙት» አለች ራዳር። መርፌውን መለሰች። ወንበሩ ሲጥ አለ። ሸክላውን ቀየረች። ወንበሩ ሲጥ አለ።

ፈገግታው ቀስ እያለ ከፊታቸው ወረደ። ዓይናቸውን ገለጡና ሁለቱን ሽፋኖች ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ አዩዋቸው። ራሳቸው ተነስተው ሰማያዊውን አጫወቱ፤ ቀጥለው ቀዩን። ሲያነሱት መርፌው ሸክላውን ጫረው። ይህን ያደረገው ተማሪ ቢሆን ኖሮ በገሠጹት ነበር።

«እራት እየቀዘቀዘብን ነበር የምንከራከረው» አሉ በመጨረሻ። «አንድ ቀንማ አኩርፋኝ ሳታናግረኝ አደረች። በዚህ።»

ራዳር ምነው አፌን በቆረጠው አለች በልቧ። እንደዚያ ቀን ራሷን የጠላችበት ጊዜ የለም። ይቅርታ ልትጠይቅ ፈለገችና የምን ይቅርታ እንደሆነ ጠፋባት።

«ሌላ የሚያውቅ አለ?»

«ቀለሜ ብቻ ነው፤ አያወራም።»

«በይ ሂጂ፤ እናትሽ እንዳታስብ።»

ቦርሳዋን አንግታ በሩን እንደከፈተች ጠሯት።

«ጆሮዬ።» ሽማግሌው የቀዩን ሽፋን በሁለት እጃቸው ይዘው ነበር። «ይሄኛው ግን... ትንሽ ይሞቃል፣ አይደል?»

አንድ «አዎ» ትበቃቸው ነበር። ዘንድሮ ሙሉ በዚያች ቃል ተወድዳለች፣ ስም ወጥቶላታል፤ ዛሬ ደግሞ የሚሰማቸው ሌላ ሰው እንኳ የለም።

«አንድ ናቸው ጋሼ» አለች።

አንገታቸውን ደፉ። ራዳር በሩን መልሳ ዘጋች። ቦርሳዋን አውርዳ መሬት ላይ አስቀመጠችና ሸክላዎቹ ወደተደረደሩበት መደርደሪያ ሄዳ ተንበረከከች።

«ለነገ የሚሆነን፣ እትዬ ከነዚህ ሌላ የሚወዱት የትኛውን ነበር?» አለቻቸው።

ሽማግሌው የቀዩን ሽፋን አስቀምጠው ወደ መደርደሪያው ጎንበስ አሉ። ውጭው እየጨለመ ነበር፤ ራዳር ግን ከተንበረከከችበት አልተነሣችም።